ጋሽ ይልማና አሥራ ስድስቱ ሞላዎች

ጋሽ ይልማ መሞታቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ጥርሴን ስቦርሽ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ልጃቸው ሊዲያ ነበረች።

«ሮማን፣ አባዬ ሞተ» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት፣ ሲክስ ቴን ላይ። ልቡ ነው። ፈርስት ኮል ያደረግኩት ላንቺ ነው።»

አረፋው አፌ ውስጥ እንዳለ ክው ብዬ ቀረሁ። አልዋሽም፣ ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰዎች ተሰባስበው ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ፤ ሽማግሌ ይቀድማል፤ «እስቲ ቁጭ በይ» ይባላል፤ መርዶው የሚነገረው ሰው ልብም የሰዎቹን ፊት አይቶ ቀድሞ ያውቀዋል። የሰውን ሞት እንደ ባቡር መነሻ ከነደቂቃው በስልክ የሚናገር አይቼ አላውቅም። እዚህ አገር ተወልዳ ወጉን ከየት ታምጣው ብዬ በልቤ ፈረድኩባት። ፍርዴ የተጣመመ መሆኑን ያወቅኩት በማግሥቱ፣ እሑድ ነው።

ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ። በእንቅልፍና በንቃት መሀል ስዋልል የሳቸው ድምፅ ይመጣብኛል፤ ቁጥር ነው የሚጠሩት። «ሰባ አምስት» ይላሉ። «ሰባ አምስት» እላለሁ። «ሰባ አራት ከግማሽ።» «ሰባ አራት ከግማሽ።» ቄስና ሕዝብ በቅዳሴ እንደሚቀባበሉት ነው። በጋራዣቸው በር ሥር ገብቶ ሲሚንቶው ላይ የሚንከባለለው ቅጠል፣ የአየር መሙያው ኮምፕሬሰር እምምታ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈው ባቡር፣ ሁሉም አብረው ይመጣሉ። ነቃ ስል ቤቱ ጭር ብሏል።

ከጋሽ ይልማ ጋር ያስተዋወቀችኝ አንዲት ቀይ መኪና ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ፍሮንት ዴስክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ተቀጠርኩና ለመመላለሻ ብዬ ከአንድ ወጣት ገዛኋት። ርካሽ ነበረች፤ ቆንጆ ነበረች፤ ማርሿም በእጅ ነው። ጠባይዋን ያወቅኩት ግን ቀስ እያልኩ ነው። ስትነሣ ታጉረመርማለች። የሕንፃችን አሮጊቶች በመስኮት ሳያዩ እንኳ ሮማን መጣች ይላሉ። ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ፍጥነት ስጨምርባት ደግሞ ከሆነ ቦታ በኋላ ትንተባተብና ጉልበቷ ይከዳታል፤ እግሬን ሳነሳላት ምንም እንዳልሆነች ሆና ትሄዳለች። ሦስት ጋራዥ ወሰድኳት። ሦስቱም «የማስጠንቀቂያ ላይት አልበራም፣ ምንም የለባትም» ብለው መለሱኝ። በመጨረሻ ሰው እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድርያ የባቡር ሐዲዱ አጠገብ ወዳለች አንድ መኪና ብቻ ወደምትይዝ ጋራዥ አመላከተኝ።

እዚያ ነው ያገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ኮምቦልቻ፣ የደሴ ዳገት የጨረሳቸውን የጭነት መኪና ሞተሮች ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። እዚህም ብዙ ዓመት ትልቅ ጋራዥ ተቀጥረው ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ይህቺን ክፍል ይከፍታሉ። መጀመሪያ የገረመኝ እጃቸው ነው። ሌላው መካኒክ ሥራ ሲጨርስ ይታጠባል፤ እሳቸው ግን ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ፣ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ።

«ማን ሸጠልሽ?» አሉኝ መኪናዋን አስነሥተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ።

«አንድ ወጣት ልጅ።»

«ልጁ ሲወዳደርባት ነው የኖረው።»

«እንዴት አወቁ?»

የሞተሩን ክዳን ፈቱና በእጅ ባትሪ እያበሩ ጠሩኝ። «ነይ እዪ። እነዚህ ሞላ ይባላሉ፤ አሥራ ስድስት ናቸው። ቫልቩ ተከፍቶ አየሩን ካስገባ፣ ጭሱንም ካስወጣ በኋላ መልሶ የሚዘጋው ሞላው ነው። ፋብሪካው የሰጣት ሞላ ለስላሳ ነው፤ ከመኪናዋ ጋር ሊያረጅ ይችላል። ልጁ ግን ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ቀይሮ ከገበያ የተገዛ ጠንካራ ሞላ አስገብቶባታል። ጠንካራው ደግሞ ብዙ ስለሚገፋ ቶሎ ይደክማል። ሲደክም ቫልቩን በጊዜው አይዘጋውም። ያ ነው ያንተባተባት።»

«ታዲያ ሲደክም አይጮህም?»

ሳቁብኝ። «ችግሩ እሱ አይደል! አይጮህም። ድምፅ ያሰማ ሞላ አርፍዷል።»

ይህቺን አባባላቸውን ከዚያ በኋላ የሰማኋትን ያህል የራሴን ስም አልሰማሁም።

ሞላዎቹን አንድ በአንድ ሲያወጧቸው ከውጭ ደህና በሚመስለው በአንዱ ውስጥ ተደርባ የገባችው ትንሽ ሞላ ለሁለት ተሰብራ ተገኘች። «በሉ እሱን ብቻ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው፤ ችኩል ነኝ። «አብረው የሠሩ አብረው ነው የሚደክሙት» አሉኝ። «አንዱ ቀደመ እንጂ አሥራ አምስቱም እየመጡ ነው።» ወደ ድሮው እንዲመልሷት ብለምናቸው ካምሻፍቱም አብሮ ካልተቀየረ አይሆንም አሉ። «ወይ ሽጪያት፣ ወይ አመሏን ቻይ» ብለው ፊቴን አዩት። አመሏን ቻልኩ።

አዲሶቹን አስገብተው ወዲያው የሚለኳቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብዬ እንድነዳት፣ እንዳቀዘቅዛት፣ ደግሞ እንድነዳት አዘዙኝና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠሩኝ። «አዲስ ሞላ ሙሽራ ነው፤ የጫጉላ ቁጥር አይቆጠርም» አሉ። «ሞቆ፣ በርዶ፣ ትንሽ ለዘብ ሲል የሚሰጥሽ ቁጥር ነው እውነተኛው።» በቀጠሮው ቀን የሂሳብ ደብተር አቀበሉኝ። ሞላውን የሚጫን ክንድና ባለ መርፌ ሰዓት ያላት መለኪያ አለቻቸው፤ እያንዳንዱን ሞላ ሞተሩ ውስጥ ሲቀመጥ በሚኖረው ቁመት ልክ ይጫኑትና ስንት ፓውንድ እንደሚመልስ መርፌው ላይ ያነባሉ። እሳቸው ይጠራሉ፣ እኔ ደግሜ እጽፋለሁ። ሁሉም ሰባ አምስት አካባቢ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የኛ ሆነ። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ከአሥር አንዱን ያህል ከቀነሰ ሁሉም ይቀየራሉ፤ ያ ሕግ ነው። ሞተሩ ከልኩ በላይ ከጮኸ ግን ጥቅምትን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሳምንት ይታያል። ሞላ በስለት ብረት አይነካም፤ የምትጭር ካቻቢቴ ያሳረፈችው ጭረት ነገ ስንጥቅ ነው ይላሉ። መኪናዋ ቆማ ከከረመች ደግሞ እንደ ቁንጫ ንክሻ የምታህል የዝገት ነጥብ ይፈልጉ ነበር። ሌሎች መካኒኮች ለመንገድ መኪና ይህ ሁሉ ምንድን ነው ብለው ይስቁባቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ፣ ግን ይለካሉ።

እነዚያን ቅዳሜዎች ሳስብ አንድ ረጅም ቀን ይመስሉኛል። በአራት ሰዓት ገደማ ብርሃኑ በበሩ መስታወት ሰያፍ ይገባና ጨርቅ ላይ የተደረደሩት አሥራ ስድስቱ ሞላዎች ላይ ይቆማል። ቫልቩ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ሲሊንደሩን በአየር ይሞሉታል፤ ኮምፕሬሰሩ እም ይላል፤ እኔ እርሳሴን ይዤ አንቀላፋለሁ። «ሮማን!» ይሉኛል። «እግርሽ ከብዷል፤ አምና ሰባ አራት የነበረው ዘንድሮ ሰባ ሦስት ሆኗል። የደሴ ሹፌር ይወጣሻል እኮ።» «እርስዎ ያስተማሩኝ ነው» እላለሁ። በስድስት ሰዓት ሙዝ ይበላሉ፤ ልጣጩን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቱታል። ስለ ኑሮዬ ብዙ አይጠይቁኝም። እንዲህ ያለ ዕረፍት ግን የትም አላገኘሁም፤ ሳምንቱን ሙሉ ፍሮንት ዴስክ ቆሜ ለማላውቀው ሰው ፈገግ ስል ስለምውል፣ ፈገግ በይ የማይለኝ ሰው አጠገብ መቀመጥ ጸጋ ነበር።

ሦስተኛው ጥቅምት ላይ ነገሩ መጣ።

አራተኛውን ሞላ ተጭነው «ሰባ አምስት» አሉ። ቀና ብዬ መርፌውን አየሁት፤ ሰባ አንድ ላይ ነው። ቀልድ መሰለኝ። አምስተኛውን «ሰባ አራት» አሉ፤ ሰባ ነው። ከዚያ ማየት ጀመርኩ። አጠገባቸው ያለውን ቁልፍ በእጃቸው ሲፈልጉ ሁለቴ ሳቱት። መለኪያዋንም ለማየት አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን እንደ ወፍ ዘንበል ያደርጋሉ። ዓይናቸው ነው። እሳቸው አላወቁም፤ እኔ አወቅኩ።

ምን አደረግኩ? ሰባ አምስት ሲሉኝ «ሰባ አምስት» ብዬ በድምፄ አስተጋባሁ፤ ደብተሩ ላይ ግን ሰባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ሞላዎቹ ገና ደህና ስለሆኑ የሚጎዳ ነገር የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እጃቸውን ታጥበው፣ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ በሙያቸው ኮርተው ለቆሙ ሰው «ጋሼ፣ አያዩም» እንዴት ይባላል? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ዝም አልኩ።

በረዶ በጣለበት ሰሞን ሊዲያ ደወለችልኝ። «አባዬ ፓርኪንግ ውስጥ ፖሉን ገጨው» አለችኝ። «ሁለተኛው ነው። ኢዝ ሂ ኦኬ? አንቺ ታይዋለሽ እኮ።»

«እድሜ ነው፣ ሊዱዬ። ደህና ናቸው» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤቱን ፍሬን፣ የዘመዱን ጎማ መፍታታቸውን ቀጠሉ።

ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ቤልትዌይ ላይ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ልቀይር ስል ማርሹ ሦስተኛ ገባ። መኪናዋ ጮኸች፤ የሞተር ዙር መቁጠሪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፎ ሄዶ ተመለሰ። ዳር ይዤ ደወልኩላቸው።

«ቀዩን አልፏል?» አሉ።

«አልፏል።»

«በቃ አትንጂያት። በቶው አስጎትተሽ ቅዳሜ አምጪያት። አሁን ቀን አይጠበቅም።»

ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። እስከ ስድስተኛው ድረስ እሳቸው የሚጠሩት ቢሳሳትም መርፌው የሚያሳየው ቁጥር ደህና ነበር። ሰባተኛውን ተጫኑት። መርፌው ስልሳ አራት ላይ ቆመ፤ ከሕጉ በታች። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «ሰባ አራት» አሉ። «ይሄ ደግሞ ጀግና ነው» ብለው ጨመሩበት።

አሁን ደብተሩ ላይ በስውር መጻፍ አይበቃም፤ እሳቸው ደህና ነው ካሉ ያው ሞላ ተመልሶ ሊገባ ነው። ፈሪ ብልሃት አያጣምና «ጋሽ ይልማ፣ ለማንኛውም ሁሉም ቢቀየሩስ? ልቤ እንዲያርፍ» አልኩ።

«ቁጥሩ ደህና ከሆነ ለምን?» አሉኝ ግራ ተጋብተው። «ልብሽ እንዲያርፍ አይደለም የምንለካው፤ እውነቱን እንድናውቅ ነው።» ከዚያ እጃቸውን ጠርገው ከፋሲካ የተረፈ ድፎ ዳቦ ቆረሱልኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ የአበባ ብናኝ እየበረረ ይገባል። እየበላን እያለ ምን እንዳስታወሳቸው አላውቅም፤ ምናልባት ዳቦው ይሆናል።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ስምንት ወር ደበቁኝ» አሉ። «አሁን ስድስት ዓመት ሆነው። ያኔ ልቤን ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበርና እንዳይደነግጥ ብለው ነው። እሑድ እሑድ ደሴ እደውላለሁ፤ እህቴ አሰለፈች ታነሣለች። እማዬስ ስላት አንድ ቀን ጸበል ሄዳለች፣ አንድ ቀን ተኝታለች። በኋላ ሲጨንቃት ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም አለችኝ። እኔ ጅሉ የጆሮ መስሚያ ገዝቼ በሰው ላክሁላት፤ ከነባትሪው።»

«ደረሰ?» አልኩ።

«ደረሰ እንጂ! እማዬ መርቃሃለች፣ አሁን ጥርት አድርጋ ትሰማለች አሉኝ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም። «ታዲያ አገናኙኛ ስል መስመሩ ተቆረጠ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ንጋት ላይ ቤቴ ድረስ መጡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፦ መቼ? ቀኑን ሲነግሩኝ እሑዶቹን ቆጠርኳቸው። ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራት እሑድ ለሞተች ሴት ሰላምታ ልኬአለሁ።»

«በክፋት እኮ አይደለም» አልኩ። ለማን ጥብቅና እንደቆምኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

«በክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በፍቅር ነው። እናቴን ግን በጊዜዋ አላለቀስኩላትም።»

ዳቦውን አስቀመጥኩት። ጨርቁ ላይ የተደረደሩትን ሞላዎች አየሁ፤ ሰባተኛው ከሌሎቹ በምንም አይለይም። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል ዝም ብል የነዚያ ሰዎች ወገን ነኝ አልኩ፤ ደግሞም ከሆንኩ ስድስት ወር አልፎኛል።

«ጋሽ ይልማ» አልኩ፤ «ሰባተኛው ሰባ አራት አይደለም። ስልሳ አራት ነው።»

ተነሡ። ሞላውን መልሰው መለኪያዋ ላይ አስቀመጡ፤ ተጫኑ፤ ጎንበስ አሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ሰባ...» ብለው ቆሙ። ባቡር መጣና አለፈ።

«ዓይንዎ ነው» አልኳቸው።

«መቼ?» አሉ።

ለሽማግሌዎቹ ያሉትን ቃል ለኔ አሉኝ። ምድር ብትውጠኝ እወድ ነበር። «ጥቅምት» አልኩ። «የዛን ቅዳሜ።»

አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ቀስ እያሉ አሳለፉት። «ሃያ ስድስት ቅዳሜ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺም?»

ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ ይሄን ያህል አልሰበርም ነበር። እጃቸውን እንደገና እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አነሡት፤ የመለኪያዋን ክንድ አስያዙኝ። «አንቺ አንብቢ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከአንደኛው ጀምሪ» አሉ። አነበብኩ። ከመስመሩ እየወጡ፣ በትልልቁ፣ አንድም ሳይዘሉ ጻፉ። ሰባተኛውና አሥራ አንደኛው ወድቀው ነበር። አዲስ አሥራ ስድስት ሞላ አስመጥተን ሁሉንም ቀየርናቸው፤ እሳቸው ብሎኖቹን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር።

ሊዲያ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደቻቸው። የዓይናቸው የውስጥ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ሲበላው ቆይቷል፤ አያምም፣ ምልክት የለውም፣ ከዳር ዳር ነው የሚሰርቀው አሏቸው። የቀኙ ብዙ ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም፤ የግራውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ጋሽ ይልማ ሐኪሙን የጠየቁት አንድ ነገር ነው አሉ፦ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ለልጃቸው ስለኔ አልነገሯትም። እኔ ራሴ ነገርኳት፤ ከጥቅምት ጀምሮ አውቅ ነበር፣ አንቺም ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ አልኳት። «ሲክስ መንዝስ፣ ሮማን» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

እስከ መስከረም ድረስ ማንም አልደወለልኝም። እኔም ደፍሬ አልደወልኩም። መኪናዋን ስነዳ የሞተሯ ድምፅ ያሳፍረኝ ነበር። ጥቅምት ገባ። አንድ ዓርብ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«ሮማን፣ ቀኑ ደርሷል» አሉ። «ታመጫታለሽ ወይስ አታመጫትም?»

ከዚያ ወዲህ ሥራው የኔ፣ ወንበሩ የሳቸው ሆነ። ባለ ጎማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በድምፁ ብቻ ስህተቴን ያውቃሉ። «ካቻቢቴውን አርቂው። ሰማሁሽ» ይላሉ። ሊዲያም ቀስ በቀስ መጣች፤ ሙዝ ይዛ ትገባና ስልኳን እያየች ከኛ ጋር ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ፣ እሷ በሌለችበት፣ «ጋሽ ይልማ፣ ያን ጊዜ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። «ተቀይሮ የተጣለ ሞላ አይለካም» አሉ። «ቀጥይ፤ ስንተኛው ላይ ነን?»

እንዲህ ሦስት ጥቅምት አለፈ። አራተኛውን አላዩም፤ ልባቸው በሐምሌ ቆመ።

እሑድ ዕለት አሌክሳንድርያ ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጠናል። ቤቱ ሞልቷል፤ ከአርሊንግተን፣ ከጀርመንታውን የመጣ ሰው አለ። የጋሽ ይልማ የዕድሜ እኩያ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ደሴ ላለችው እህቱ ለጊዜው ባይነገራት ይሻላል» አሉ። «ደም ብዛት አለባት። ሆስፒታል ገብቷል፣ ስልክ አይፈቀድለትም እንበላት፤ ቀስ ብሎ ይደረስበታል።» ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በክፋት አይደለም። እኔም እኮ በክፋት አልነበረም።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ጠረጴዛው ላይ የጋሽ ይልማ ስልክ ጠራ።

«አክስቴ ናት» አለች ሊዲያ። «ሰንደይ ነው እኮ። አልደወለላትም።» ስልኩን አንሥታ ያዘችው። ወደኔ መጣች። «አይ ካንት፣ ሮማን። ቃሉን አላውቀውም። አባዬ ሌሊቱን ሆስፒታል እያለ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ለሮማን አንድ ሰዓት እንዳታቆዪባት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ንገሪያት አለኝ። ለእህቴም እንደዚያው ብሏል። ፕሊዝ፣ አንቺ ንገሪያት።»

ያን ጊዜ ነው የቅዳሜው ስልኳ የገባኝ። ወጉን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም፤ የአባቷን ቃል መጠበቋ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ!» አሉኝ ሽማግሌው። ስልኩን ተቀበልኩና አነሣሁት።

«ይልማ?» አለ የደከመ የሴት ድምፅ። «ምነው ዛሬ ረሳኸኝ?»

«እትዬ አሰለፈች፣ ሮማን እባላለሁ፤ የጋሽ ይልማ ወዳጅ ነኝ» አልኩ። አሮጊት ናቸው ብዬ ጮክ አልኩ። «ቁጭ ብለዋል?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«ጋሽ ይልማ አርፈዋል፣ እትዬ። ትናንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ። ልባቸው ነው። ሊዲያ እጃቸውን ይዛቸው ነበር።»

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ተክለዋል፤ ሊዲያ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። «እትዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «እትዬ አሰለፈች፣ ይሰማሉ?»

«ትናንት?» አሉ።

«ትናንት።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ። «አትጩኺ። ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ለእማዬ የላከው መስሚያ ጆሮዬ ላይ ነው።»

ልቅሷቸው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጥኩትና አብረናቸው አለቀስን።